በሓጃ ስም የወጣው መስመር

እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ይች ልጅ የገዛ ጥላዋን ትጠረጥራለች» ትለኝ ነበር። አልዋሸችም። ወተት ሲያመጡልኝ ውሃ የገባበት ይመስለኛል። ሰላምታ የሚያበዛብኝ ሰው ካለ «ምን ሊጠይቀኝ ነው?» እላለሁ። ይህ ጠባዬ ከብዙ ነገር አድኖኛል። በጣም በተፈለገበት ጊዜ ግን ወደተሳሳተ በር ወሰደኝ። ይህን የምጽፍላችሁም በእኔ የደረሰው በእናንተ እንዳይደርስ ነው።

ያኔ ገዳሪፍ ከገባሁ ጥቂት ዓመታት አልፈውኛል። ከመተማ ቆላ የመጣሁት እንደ ብዙ የአገሬ ሰው ለሰሊጥ አጨዳ ነበር። አጨዳው ሲያልቅ ሌላው ተመለሰ፣ እኔ ቀረሁ። ሰሊጥ በሚበጠርበት መጋዘን ሥራ አገኘሁና ከሓጃ ሱዓድ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ሓጃ ባላቸው የሞተባቸው፣ ድምፃቸው ከሦስተኛ ቤት የሚሰማ ሴት ናቸው። ከጎኔ ያለችውን ክፍል ደግሞ ከካርቱም በጦርነቱ የተፈናቀለች ኢንቲሳር የምትባል ጠበቃ ተከራይታለች። አንዳንድ ቀን ስደተኞችን ለማገዝ ቱነይድባ መጠለያ ድረስ ትሄዳለች፤ በሌላው ቀን ግቢው ውስጥ አልጋ አውጥታ፣ ስልኳን ይዛ ስትነካካ ትውላለች። ያ ስልክ ደስ አይለኝም ነበር።

ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ወረቀት የለኝም። ወረቀት የሌለው ሰው ደግሞ በስሙ የስልክ መስመር አይወጣለትም። ስለዚህ የእኛ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረግሁ። ሓጃን ለመንኳቸው፤ መታወቂያቸውን ይዘው ሄደው በራሳቸው ስም መስመር አወጡልኝ። ከዚያ ስልኬን ለማስከፈት ገበያ ውስጥ ወዳለው ጋሻው ዘንድ ወሰድኩት። «ማስከፈት» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ አገር ያውቃል። ስልኩን ለባለሱቁ ትሰጪዋለሽ፣ አንቺ ደጅ ቁጭ ትያለሽ፣ እሱ የሚጻፈውን ይጽፋል፣ የሚመጣውን ቁጥር ይቀበላል፣ የድምፅ መልእክት መላላኪያውን ይጭናል፣ «ተከፍቷል» ብሎ ይመልስልሻል። ጋሻው የሸኸዲ ልጅ ነው። የአገር ልጅ፣ ሳቂታ፣ ሰው አክባሪ። ወተቱን የምጠረጥር ሴትዮ ስልኬን ሰጥቼው ስወጣ ወደኋላዬ እንኳ አላየሁም።

በስልኩ የማወራው ከአንድ ሰው ጋር ነበር፤ ከታናሽ እህቴ ከአዝመራ። አዝመራ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። አባታችን ደምሌ ለሚባል የሰሊጥ ነጋዴ ሊድራት ቃል ሰጥቷል። ደምሌ ከአባታችን የሚያንሰው በጥቂት ነው። እህቴ በየማታው እያለቀሰች ድምፅ ትልክልኝ ነበር። «እታለም፣ ከዚህ ሰው ቤት ከምገባ ወንዝ ብገባ ይሻለኛል» አለችኝ አንድ ቀን። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሰርጉ ሳይደርስ በድንበሯ ከተማ በገላባት በኩል እንድትሻገርና ወደእኔ እንድትመጣ ተማከርን። የተማከርነው በድምፅ ብቻ ነው። ቀኑንና መንገዱን ለማንም ትንፍሽ አላልንም።

ማክሰኞ ቀን ከሽንኩርትና ከቡና ነጋዴ ሴቶች ጋር ተቀላቅላ የድንበሩ ድልድይ ድረስ መጣች። እኔ መጋዘኑ ውስጥ ወንፊቱን እየነቀነቅሁ ልቤ ግን ገላባት ነበር። ከሰዓት በኋላ ድምፅ መጣ። እያለከለከች ነው የምታወራው።

«እታለም፣ የደምሌ ወንድም ከድልድዩ አፋፍ ተቀምጦ የሴቱን ፊት አንድ በአንድ እያየ ነበር። ነጠላየን ተከናንቤ ከሚመለሱት ጋር ተመለስኩ። አላየኝም። አሁን ደህና ቦታ ነኝ። ማን ነገረው?»

«እኔ አልተናገርኩም።»

«እኔም ማርያምን አልተናገርኩም!»

እንግዲህ ጥርጣሬዬ ሥራ አገኘ። በመጋዘናችን ሴቶች ዘንድ የታወቀ ነገር አለ። መስመሩ በስሙ የወጣለት ሰው፣ ሲያሰኘው የምታወሪውን ሁሉ ይሰማል ይባላል። ማን እንዳለው አይታወቅም፣ ግን ሁላችንም እናምነዋለን። ያን ቀን ማታ ደግሞ ሓጃ በሬ ላይ ቆመው «ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ እህትሽ መጣች ወይ?» አሉኝ። አንድ ቀን እንደምትመጣ ነግሬያቸው፣ አብራኝ እንድታድር አስፈቅጃቸው ነበር። ግን ለምን ዛሬ ጠየቁኝ? ከሁሉ ቀን መርጠው ለምን ማክሰኞ? ከጀርባቸው ኢንቲሳር አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ ስልኳን ታያለች። አንዷ ትሰማለች፣ አንዷ ትጽፋለች ብዬ ደመደምኩ። ልብሴን በፌስታል መሰብሰብ ጀመርኩ። ወዴት እንደምሄድ ግን አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ረቡዕ ጥርሴ ተነሳብኝ። ለአዝመራ ድምፅ ስልክላት «ጥርሴን እንዲያ አሞኝ፣ ጉንጬን ትራስ ላይ ማሳረፍ አቃተኝ» አልኳት። ለሌላ ሰው አልነገርኩም። ፊቴም አላበጠም። መጋዘን ውስጥ በአቧራው ምክንያት ሁላችንም አፍና አፍንጫችንን በሻሽ ስለምናስር፣ ቢያብጥም የሚያይ የለም።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ረሲድ ልሞላ ጋሻው ሱቅ ሄድኩ። የአየር ሰዓቱን ማለቴ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሮ ነበር። ሲያየኝ ቀና ብሎ ሳቀ።

«ባንቺ! ምነው ጠፋሽ?» አለኝ ስሜን ጠርቶ።

«ሥራ ነው ጋሻው።»

«ጥርስሽስ ተሻለሽ?»

ገላዬ በረደ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዚያ በገዳሪፍ ሐሩር ገላዬ በረደ። «የቱ ጥርስ? ማን ነገረህ?» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እናቴ የሳቀችበት ጠባዬ ግን ያዘኝ።

«ተሻለኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት። ረሲዴን ተቀብዬ፣ «ሰላም ዋል» ብዬ ወጣሁ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ስሰማ የኖርኩት ለካ ለእኔ ነበር።

ግን እንዴት? ሓጃ ነግረውት ይሆን? ከሥራ በኋላ ግቢ ስደርስ ኢንቲሳር ብቻዋን ነበረች። የእኔ ዓረብኛ የገበያ ዓረብኛ ነው፤ በዚያው አፌ እንደምንም አስረዳኋት። እህቴን ሳልጠቅስ በጥርሴ ብቻ ጀመርኩ። እሷ ግን ጠበቃ ናት፤ ጥርስ ብቻ እንዳልሆነ ገብቷታል።

«ስልክሽን አምጪ» አለችኝ።

ስልኬን ደረቴ ላይ ለጠፍኩት። አየችኝና ፈገግ አለች።

«ተማም፣ እሺ። አንቺው ያዢው። እኔ እነግርሻለሁ፣ አንቺ ንኪው።»

እዚህ ንኪ አለችኝ፣ ነካሁ። እዚያ ግቢ አለችኝ፣ ገባሁ። ከስልኬ ጋር የተያያዙ መሣሪያዎች የሚዘረዘሩበት ቦታ አለ፤ እስከዚያች ቀን መኖሩን አላውቅም። እዚያ ላይ አንድ ኮምፒውተር ተጽፏል። ዛሬ ረፋድ ላይ ክፍት እንደነበረም ይላል። እኔ ደግሞ ኮምፒውተር የለኝም።

«ስልክሽን የከፈተልሽ ማን ነው?» አለችኝ።

«ጋሻው» አልኳት። በከፈተልኝ ዕለት ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አያይዞኝ ኖሯል። ለእህቴ ያልኩት፣ እህቴ ያለችኝ፣ ልቅሶዋም ሳይቀር ሱቁ ውስጥ ይሰማል። ለካ የደምሌ ወንድም ከመተማ ስልክ እያመላለሰ የሚነግድ የጋሻው ሸሪክ ነው። እሱን እንኳ ሰምቼ የረሳሁት ነገር ነበር። ተናደድኩ። መሣሪያውን የሚያስወጣውን ቦታ አየሁትና ጣቴን ሰደድኩ።

«አትንኪው!» ኢንቲሳር እጄን ያዘችኝ። «ከቆረጥሽው ነገ ‹መቼ ነበርኩ?› ይላል። በዚህ አገር ሕግ፣ ያለ ዓቃቤ ሕግ ወይም ያለ ዳኛ ፈቃድ የሰው ሚስጥር ማዳመጥ ወንጀል ነው። ክስ ትመሠርቻለሽ፣ ኮምፒውተሩ ይያዛል፣ የሰማውን እንዳይጠቀምበት ይታዘዛል፣ ካሳም ትጠይቂያለሽ። ግን በዓይናቸው ማየት አለባቸው።»

«እንግዲያው አሁን እንሂድ!»

«ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ሰዓቱም አልፏል። ዓርብና ቅዳሜ ዝግ ነው። እሑድ ጠዋት።»

እሑድ! ጆሮው ቤቴ ውስጥ እንደተጋደመ እስከ እሑድ! እህቴ ድንበር ላይ ተደብቃ ሳለች! ብዘጋው ማስረጃዬ ይጠፋል፤ ብተወው እህቴን ሊያስይዛት ይችላል። ዝም ብልም ይጠራጠርና ራሱ ይቆርጠዋል። ስለዚህ ምንም እንዳልተፈጠረ ማውራት ነበረብኝ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ኢንቲሳር ውሃ አመጣችልኝና ሌላ ነገር ጨመረችልኝ።

«አንድ ችግር አለ። ሚስጥር የሰው ሁሉ መብት ነው፤ ኢቃማ ኖረሽም አልኖረሽም። ጠረጴዛው ላይ ግን መጀመሪያ የሚጠይቁሽ ‹መስመሩ የማን ነው?› ብለው ነው።»

መስመሩ የሓጃ ነው። ፌስታል አስሬ ልሸሻቸው የነበሩት የሓጃ!

ሓጃ ከከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ሲነሱ ገብቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። እስክጨርስ አዳመጡ። ከዚያ ተነሡና ግቢው እስኪሰማ ጮኹ።

«በስሜ? በእኔ በሱዓድ ስም ጆሮውን ቤቴ አስገባ? ወላሂ አልለቀውም!»

የእኛ ሰው ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላል፤ ሓጃም ነገሩ የገባቸው በዚያው መንገድ ነበር። «መስመሩ በስምዎ ስለሆነ የሚሰሙኝ እርስዎ መስሎኝ ነበር» ስላቸው፣ «እኔ የራሴን ልጆች ወሬ መስማት ሰልችቶኛል፣ ያንቺን ልጨምር?» ብለው ሳቁብኝ።

መላውን የሰጡንም እሳቸው ናቸው። ታናሽ ወንድማቸው የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ዓርብ ጠዋት ወደ ገላባት ይወርዳል፣ እሑድ ይመለሳል። ግን እህቴ የማታውቀውን ሱዳናዊ በምን ታምነዋለች? ስልክ ሳይመጣ በፊት በእኛ አገር ቃል የሚላከው ከምልክት ጋር ነበር። ምልክት ያልያዘ መልእክተኛ ቢምል ቢገዘት አይታመንም። እኔ ከቤት ስወጣ የእናታችንን ወስፌ ይዤ ወጥቼ ነበር። ሰፌድ የምትሰፋበት፣ እጀታው የተሰነጠቀ፣ ሰም የተቀባ ወስፌ ነው። አዝመራ በሺህ ወስፌ መሐል ትለየዋለች። ለሹፌሩ ሰጠሁትና በዓረብኛ አስጠናሁት። ቃሉን የሚያደርሰው እናታችን በሕይወት ሳለች ጎረቤት ለነበረች፣ አሁን መተማ ዮሐንስ ለምትኖር፣ ዓረብኛ ለምትችል ነጋዴ ነው። እህቴ ሌላ መጠጊያ ስለሌላት እሷ ዘንድ እንደምትሆን ገመትኩ፣ አልተሳሳትኩም፤ ደግነቱ በድምፅ ቤቱን አልጠራችውም። ቃሉም ይህ ነው፤ «በስልክ የምልሽን አትመኚ፣ እሺ ብቻ በይ። እሑድ ከዚህ ሰው ጋር ነይ። ወስፌው ሲደርስሽ ሰፌድ ጀመርኩ በይኝ።»

ዓርብ እንዴት እንደዋልኩ እኔ አውቃለሁ። ሹፌሩ ቢሸጠንስ? ወስፌውን መንገድ ላይ ቢጥለውስ? ለዚያ ጆሮ ደግሞ ድምፅ እልካለሁ። ስለ ሙቀቱ አወራሁ፣ ስለ ጥርሴ አወራሁ። ለእህቴ የማወራው ነገር ሁሉ መሐላችን ሌላ ሰው የተቀመጠ ያህል ያንቀኝ ነበር። ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ እንዲያ ተቀምጦ ኖሯል!

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ድምፅ መጣ።

«እታለም፣ ሥራ ስፈታ ጊዜ አልገፋ አለኝ። ሰፌድ ጀመርኩ።»

እልል ማለት አማረኝ፤ ግን ዋጥኩት። ከዚያ የደምሌን ወንድም ከድልድዩ የሚያርቅልንን ውሸቴን ላክሁ። «የገላባቱ መንገድ ይቅር። በወዲያኛው በኩል ከሚሻገሩ ሰዎች ጋር ነይ፣ እሑድ ሾዋክ መናኸሪያ እጠብቅሻለሁ። ብቻየን ነው የምመጣው።» እሷም «እሺ እታለም» አለች። ልጅቷ እንዲህ ስትዋሽ ሰምቻት አላውቅም።

እሑድ ጠዋት ሓጃ የዒድ ቶባቸውን ለብሰው ወጡ። ኢንቲሳር አቤቱታውን ይዛለች። ዓቃቤ ሕጉ ደከም ያለ ሰው ነው፤ ወረቀቱን አነበበና እንደተባለው ጠየቀ።

«መስመሩ የማን ነው?»

«የእኔ!» አሉ ሓጃ።

ወደእኔ ዞረ። «አንቺስ? ወረቀትሽ የት አለ?»

እህቴ በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ ናት። እኔ እዚህ ብያዝ ማን ይቀበላታል? ኢንቲሳር ግን ድምፅዋን ሳትቀይር፣ «የመጣነው ስለ ወረቀቷ ሳይሆን ስለ ጆሮው ነው። የተሰማችው እሷ ናት። ስልኩን ይዩት» አለች። ዓቃቤ ሕጉ እጁን ዘረጋ። ስልኩን ተቀበለና አየ። ኮምፒውተሩ እዚያው አለ፤ በዚያች ሰዓት እንኳ ክፍት ነበር።

«አሁን እየሰማ ነው?» አለ ቀና ብሎ። ከዚያ በኋላ ወረቀቴን አልጠየቀኝም። ትእዛዝ ጻፈና ሁለት ፖሊስ ጨመረልን።

ሱቁ ስንደርስ ጋሻው ለሓጃ ወንበር ሊያቀርብ ተነሣ። ፖሊሱ ኮምፒውተሩን ወደራሱ አዞረ። የእኔ ስም አለ። ከሥሩ ደግሞ የሌሎች ሴቶች ስም፤ አብረውኝ ወንፊት የሚነቀንቁ፣ ባሎቻቸው አጨዳ ላይ የሆኑ፣ ልጆቻቸውን አገር ቤት የተዉ። ስልካቸውን እሱ ዘንድ ያስከፈቱ ሁሉ። ፖሊሱ አንዱን ነካው፤ የራሴ ድምፅ ወጣ። «...ሾዋክ መናኸሪያ እጠብቅሻለሁ።» አፈርኩ። የሰረቀው እሱ፣ ያፈርኩት እኔ። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አይገባኝም።

«ባንቺ» አለ ጋሻው በአማርኛ፣ «የአገር ልጆች አይደለንም?»

«ስለሆንን ነው ስልኬን የሰጠሁህ» አልኩት።

ግቢ ተመልሼ በር ላይ ተቀመጥኩ። መኪናው እኩለ ቀን ይደርሳል ተብሎ ነበር፤ አልደረሰም። የዐስር ሶላት ተሰገደ፣ አልመጣም። ሓጃ የወንድማቸውን ስልክ ይሞክራሉ፣ አይነሣም። እዚያ ሹፌር ላይ ያልጠረጠርኩት ነገር የለም። ተይዘዋል አልኩ፤ ቀጥዬ ሸጧታል አልኩ፤ ሓጃ ፊት እንዳለሁ ረስቼ ጮክ ብዬም ሳልለው አልቀረሁም። እሳቸው «ጎማ ነው፣ ሁልጊዜ ጎማ ነው» ይሉኛል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መኪናው ዞሮ ገባ። ጎማ ነበር፤ ዶካ አጠገብ ፈንድቶባቸው። አዝመራ ዐቧራ ለብሳ ወረደች። ቁመቷ በልጦኛል። ቀሚሷ አንገት ላይ የሰካችውን ወስፌ ነቅላ በእጄ አስጨበጠችኝ፤ ከዚያ በኋላ ነው ያቀፈችኝ። የደምሌ ወንድም ያን ቀን ሾዋክ መናኸሪያ ከረፋድ እስከ ማታ ሲንቆራጠጥ እንደዋለ በኋላ ሰማን።

ክሱ ብዙ ወራት ፈጀ። የፍርድ ቤቱ ቀን ከሱቁ ቀን ይልቅ ያስፈራኝ ነበር፤ ምክንያቱም ድምፃችን ሊሰማ ነው። አንድ ሰው ሰማኝ ብዬ ከስሼ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሊሰማኝ! ኢንቲሳር ችሎቱ እንዲዘጋ ጠየቀች፤ ዳኛው ፈቀዱና የማይመለከተው ሁሉ ወጣ። የጋሻው ጠበቃ ተነሥቶ፣ መስመሩ የእኔ አይደለም፣ ወረቀትም የለኝም፣ ስለዚህ የተነካ መብት የለኝም አለ። ዳኛው በእርጋታ ጠየቁት።

«በር ላይ ቆሞ ጆሮውን የለጠፈ ሰው፣ የቤቱ ካርታ በማን ስም እንደሆነ አጣርቶ ነው የሚያዳምጠው?»

ከዚያ ወደ ሓጃ ዞሩ። «የሰማነው ድምፅ ያንቺ ነው?»

«መስመሩ የእኔ ነው፣ ድምፁ የዚች ልጅ ነው» አሉ ሓጃ።

ዳኛው እኔን አዩኝ። «ድምፁ የማን ነው?»

«የእኔ ነው» አልኩ። ጸሐፊው ስሜን ከነአባቴ ስም፣ ከነአያቴ ስም ጻፈ፤ ተበዳይ ብሎ። የአባቴን ስም ስጠራ እንባዬ መጣ፤ እህቴን ከእሱ ደብቄ ነው እዚያ የቆምኩት። በዚህ አገር ስሜ መንግሥት መዝገብ ላይ ሲሰፍር የመጀመሪያው ነበር። ጋሻው ታሰረ፣ ኮምፒውተሩ ተወረሰ፣ የሌሎቹም ሴቶች ድምፅ እንዲጠፋ ታዘዘ። ካሳም ተፈረደልኝ፤ ጥቂት ናት፣ ግን ተፈረደልኝ።

ወገኖቼ፣ እኔ ዛሬም ጠባዬን አልተውኩም፤ መጠርጠር ክፉ አይደለም። ክፋቱ ባዕድ ስለሆነ መጠርጠር፣ የአገር ልጅ ስለሆነ ማመን ነው። ስልካችሁን ሰው ከፍቶላችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ከማን ጋር እንደተያያዘ እዩ። እንግዳ ነገር ካገኛችሁ ደግሞ በንዴት አትቁረጡት፤ መጀመሪያ ለሚያውቅ ሰው አሳዩት። ወረቀት የለኝም ብላችሁም አትቀመጡ።

በቅርቡ ለአዝመራ ስልክ ገዛሁላት። መስመሩን በስማቸው ያወጡት ያው ሓጃ ናቸው። የሚጫነውን ሁሉ እኔው ጭኜ፣ የሚጻፈውን ጽፌ፣ «ተከፍቷል» ብዬ ሰጠኋት። ተቀበለችኝና ወዲያው አልተጠቀመችበትም። ጎንበስ ብላ የተያያዙ መሣሪያዎች የሚዘረዘሩበትን ቦታ ፈልጋ ከፈተች፤ ባዶ መሆኑን አየች። ከዚያ ቀና ብላ «ያንችንም ስልክ አሳይኝ» አለችኝ። ማርያምን፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። አሳየኋት።